ባለቤቱን የሚያውቅ ቤት፦ ከዘበኛ እስከ ሴንሰር በቦሌና በምሥራቅ አዲስ አበባ

«ስማርት ሆም» የሚለው የእንግሊዝኛ ስም በአዲስ አበባ የአፓርታማ ማስታወቂያዎች ላይ ሳይቀር የተለመደ ሲሆን፣ በጠባቡ ትርጉሙ የነዋሪዎቹን መግቢያና መውጫ፣ የመኝታና የመነሻ ሰዓት፣ መብራት የሚያበሩበትንና ውሃ የሚያሞቁበትን ጊዜ በሴንሰር እየተከታተለ ልማዳቸውን የሚያጠና፣ ካጠናም በኋላ ሳይነገረው የሚታዘዝ ቤት ማለት ነው። ሴንሰር የሚባለው እንቅስቃሴን፣ ሙቀትን፣ ብርሃንን ወይም ድምፅን ለይቶ ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚለውጥ አነስተኛ መሣሪያ ነው። ነገሩ በዚህ ትርጉም ሲታይ ከውጭ የመጣ የቅርብ ጊዜ ሸቀጥ ይመስላል፤ የቦሌና የምሥራቅ አዲስ አበባ መኖሪያ ቤቶች ታሪክ ግን ለባለቤቱ ልማድ ሳይነገረው የሚታዘዝ ቤት በአካባቢው ቢያንስ ስድሳ ዓመት እንዳስቆጠረ፣ ያን ሁሉ ዘመንም የቤቱ ዐይንና ጆሮ ሆነው የኖሩት ደመወዛቸው ትንሽ የነበረ ሰዎች እንደሆኑ ያሳያል። በእነዚህ ሰዎችና በሴንሰሩ መካከል ደግሞ ሌላ ዘመን አለ፤ ይኸውም ቤቱ የነዋሪውን ልማድ ትቶ የመብራቱንና የውሃውን አመል ለመማር የተገደደበት ዘመን ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ቦሌ የከተማዋ አካል አልነበረም፤ እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስም ሜዳው የእርሻና የግጦሽ መሬት ነበር። መልኩን የለወጠው አውሮፕላን ነው። የልደታው አሮጌ ማረፊያ ለጄት አውሮፕላን የማይበቃ ሆኖ በመገኘቱ አዲሱ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ በ1950ዎቹ መጀመሪያ በቦሌ ተሠራ፤ በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 720 ጄቶቹን ሥራ አስጀመረ፤ በዚያው ዓመት ግንቦት ወር ደግሞ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአዲስ አበባ ተመሠረተ። ከመሀል ከተማ ወደ አየር ማረፊያው የሚወስደው ሰፊ ጎዳና የእንግዳ መቀበያ ሆነ፤ በግራና በቀኙም በግንብ አጥር የተከለሉ ቪላዎች ተነሡ። ብዙዎቹ የተሠሩት ለኪራይ ሲሆን፣ ተከራዮቹ ዲፕሎማቶች፣ የዓለም አቀፍ ድርጅት ሠራተኞችና የአየር መንገድ ባለሙያዎች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች በሰዓት የሚኖሩ ነበሩ፤ አውሮፕላን አብራሪው ከሌሊቱ 9 ሰዓት የሚወጣበት፣ ዲፕሎማቱ ከእራት ግብዣ እኩለ ሌሊት የሚመለስበት ቤት በፀሐይ መውጫና መግቢያ ከሚተዳደረው የገበሬ ቤት የተለየ አሠራር ይፈልግ ነበር።

የቪላው ግቢ አሠራር ለዚህ ፍላጎት መልስ ነው። ከፊት ለፊት ትልቁ ቤት ከነሳሎኑ፣ ከኋላ «ሰርቪስ ቤት» የሚባለው፣ የአበሻ ወጥ ቤት፣ የልብስ ማጠቢያና የሠራተኞች መኝታ የሚገኝበት ረድፍ ክፍል፣ ከመግቢያው በር ጎን ደግሞ አንድ ሰው ብቻ የምታስቀምጥ የዘበኛ ቤት ይሠሩ ነበር። «ዘበኛ» የሚለው ቃል «ዘብ» ከሚለው የጥበቃ ቃል የወጣ ሲሆን፣ የንጉሠ ነገሥቱን የክብር ዘበኛ ጦር ያህል ከፍ ብሎም፣ በር ላይ በጋቢ ተጠቅልሎ የሚያድረውን ሽማግሌ ያህል ዝቅ ብሎም ያገለገለ ቃል ነው። የቪላው ዘበኛ ሥራ ሌባ መከላከል ብቻ ተደርጎ ቢታሰብም፣ የቀኑ አብዛኛው ድካሙ በሩን መክፈትና መዝጋት ነበር፤ ይህን ሥራ በደንብ የሚሠራ ዘበኛ ደግሞ የጌታውን መኪና ጥሩንባ ከጎረቤት መኪና ጥሩንባ፣ የሞተሩንም ድምፅ ከመንገዱ መታጠፊያ ላይ ለይቶ የሚያውቅ፣ በየትኛው ቀን በስንት ሰዓት እንደሚመጡ የሚጠብቅ፣ መኪናው በሩ ፊት ከመቆሙ በፊት መወርወሪያውን የሚስብ ሰው ነው። ዛሬ በቴክኖሎጂ መጻሕፍት ውስጥ «የነዋሪን መምጣት መተንበይ» ተብሎ በሒሳብ ቀመር የሚጻፈው ነገር ይኸው ነው።

ከኋላው ረድፍ ያለው ዕውቀት ከበሩ ዕውቀት ይልቃል። የቤት ሠራተኛዋ ማን ቁርሱን ከሻይ ጋር ማን ከቡና ጋር እንደሚወስድ፣ የገላ መታጠቢያው ውሃ በስንት ሰዓት መሞቅ እንዳለበት፣ የቱ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ እንደሚርበው፣ እሑድ ማን እንደሚያረፍድ ታውቃለች፤ ይህን ሁሉ የምትማረውም ማንም ቁጭ አድርጎ ሳያስተምራት፣ በመሳሳትና በመገሠጽ ነው። ይህ የመማር መንገድ ኋላ ስለ ማሽኑ በሚነገረው ውስጥ ስለሚመለስ በቦታው ልብ ሊባል ይገባዋል። ሌላም ጠባይ አለው፤ ልማድን የሚያውቅ ሰው ገመናንም ያውቃል። ማን አምሽቶ እንደገባ፣ ማን ከማን ጋር ተኳርፎ ለየብቻ እንደበላ፣ የትኛው መጋረጃ ቀን ተዘግቶ እንደዋለ የሚያውቁት በሩ ላይና ወጥ ቤት ውስጥ ያሉት ናቸው፤ የቦሌ ጌቶችና እመቤቶችም ሠራተኛ ሲቀጥሩ ተያዥ የሚጠይቁት ስለ ንብረታቸው ብቻ ሳይሆን ስለዚህ ዕውቀት ጭምር እንደነበረ መገመት አያስቸግርም።

የ1966 አብዮት ይህን አኗኗር ከሥሩ ባይነቅለውም ባለቤቱን ለወጠበት። በሐምሌ 1967 የወጣው የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው፣ የመኖሪያ ቦታውም ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ደነገገ፤ ኪራያቸው ዝቅተኛ የነበሩት ቤቶች ወደ ቀበሌ ሲተላለፉ፣ የቦሌዎቹን የመሰሉ ኪራያቸው ከፍ ያለው ወደ ኪራይ ቤቶች አስተዳደር ገቡ። ዘበኛው በሩ ላይ ቀረ፤ ነገር ግን የግቢውን መግቢያና መውጫ የሚከታተል ሌላ ዐይን ከውጭ ተጨመረ፤ እርሱም የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ነበር። ሰዓት እላፊውም ለዓመታት የመላ ከተማዋን ሌሊት አንድ ዓይነት አደረገው። ማንም ከተወሰነው ሰዓት በኋላ ስለማይገባና ስለማይወጣ፣ በዚያ ዘመን የአንድን ቤት የሌሊት ልማድ ለማወቅ ምንም ጥበብ አያስፈልግም ነበር፤ የሁሉም ልማድ የተጻፈው በመንግሥት ነውና።

ሁለተኛው ዘመን የመሠረተ ልማት ታሪክ ነው። የኤሌክትሪክ መብራት ወደ አዲስ አበባ የገባው በ1890 ዓ.ም. ገደማ በዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ሲሆን፣ ከከተማዋ በስተደቡብ በአቃቂ ወንዝ ላይ የተሠራው የአባ ሳሙኤል ጣቢያ ለአገሪቱ የመጀመሪያው የውሃ ኃይል ማመንጫ ሆነ። የኢትዮጵያ መብራት ኃይል ባለሥልጣን በ1948 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ የቆቃ ግድብም በ1952 ዓ.ም. 43.2 ሜጋ ዋት ይዞ ሥራ ጀመረ። መሥሪያ ቤቱ በ1989 ዓ.ም. ኮርፖሬሽን፣ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ማመንጫውና ሥርጭቱ ተለያይተው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይልና የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ተብሎ ለሁለት ቢከፈልም፣ በሕዝብ አፍ እስከ ዛሬ «መብራት ኃይል» ነው። የአዲስ አበባ ሰው ኃይል ሲቋረጥ «መብራት ሄደ»፣ ሲመለስ «መብራት መጣ» ይላል፤ አነጋገሩ መብራትን እንደ ቤተሰብ አባል፣ መግቢያና መውጫው እንደማይታወቅ ሰው አድርጎ ያስቀምጠዋል፤ በእርግጥም ለረጅም ጊዜ በቦሌ ቤቶች ውስጥ ልማዱ መጠናት የነበረበት ዋነኛው «ነዋሪ» መብራቱ ራሱ ነበር።

ለዚህ ምክንያቱ የአገሪቱ ኃይል ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ከውሃ የሚመነጭ መሆኑ ነው። ዝናብ ሲያንስ ግድብ ይጎድላል፤ ግድብ ሲጎድል ፈረቃ ይታወጃል። በ2001 ዓ.ም. መላ አገሪቱ በፈረቃ ተቸገረች፤ በግንቦት 2011 እንደገና፣ የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ውሃ ቀንሶ፣ የከተማዋ ቤቶች ለሰዓታት እየተፈራረቁ ጨለሙ። ፈረቃ ባልነበረባቸው ዓመታትም የሥርጭት መስመሩ ማርጀት ድንገተኛ መቆራረጥን የዕለት ነገር አደረገው። ስለዚህ እናቶች እንጀራ የሚጋግሩት ባሻቸው ቀን ሳይሆን መብራት በሚኖርበት ቀን ሆነ፤ ስቴብላይዘር፣ ማለትም የኤሌክትሪኩን ከፍታና ዝቅታ አስተካክሎ ዕቃን ከመቃጠል የሚያድን መሣሪያ፣ ከፍሪጅና ከቴሌቪዥን እኩል የቤት ዕቃ ሆነ።

ውሃውም ከመብራቱ የተሻለ አመል አልነበረውም። ከከተማዋ በስተምሥራቅ የሚገኘው የለገዳዲ ግድብ ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ከዋና ዋናዎቹ የውሃ ምንጮች አንዱ ቢሆንም፣ ከተማዋ በሰፋች ቁጥር ውሃው በፈረቃ መታደል ግድ ሆነበት፤ በምሥራቁ በኩል በሚገኙት አዳዲስ ሰፈሮች ውስጥ ውሃ በሳምንት ጥቂት ቀን፣ ብዙ ጊዜም በሌሊት ይመጣል። በዚህ ምክንያት የቤተሰቡ አንድ አባል፣ አብዛኛውን ጊዜም የቤት ሠራተኛዋ፣ ከእንቅልፍ ውስጥ ሆና የቧንቧውን ጉርጉርታ የምታዳምጥ፣ ሰምታም ተነሥታ በርሜሉንና ጀሪካኑን የምትሞላ ሆነች። ይህን ሌሊታዊ ሥራ ከሰው ጆሮ ላይ ያነሣው በመጀመሪያ ሮቶ ነው። ሮቶ የአንድ አምራች የንግድ ስም ሆኖ ሳለ በአዲስ አበባ የማንኛውም የፕላስቲክ ውሃ ማጠራቀሚያ መጠሪያ ሆኗል። በውስጡ ያለው ተንሳፋፊ ኳስ ውሃው ከፍ ሲል አብሮ ከፍ ብሎ መግቢያውን ይዘጋል፣ ውሃው ዝቅ ሲል ይከፍታል፤ ከዚህ ጋር የተያያዘው ፓምፕም ቧንቧ ሲከፈት የሚወርደውን ግፊት ተከትሎ በራሱ ይነሣል፣ ግፊቱ ሲመለስ በራሱ ይተኛል።

የቴክኖሎጂ ታሪክ ጸሐፊ ይህን ኳስ መናቅ የለበትም። በቦሌ፣ በገርጂ፣ በሲኤምሲና በአያት ቤቶች ውስጥ ሰው ሳይነካው በራሱ ከሚወስኑት ቀደምት መሣሪያዎች አንዱ ይኸው ነው፤ ቀጥሎም በቦሌ መንገድ ሆቴሎችና በትልልቅ ቪላዎች የገባው፣ መብራት ሲሄድ ጄኔሬተሩን አስነሥቶ ሲመጣ የሚመልሰው አውቶማቲክ መቀያየሪያ ይመጣል። ሁለቱም አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው፤ ስለ ባለቤቱ ምንም አያውቁም። የሚያውቁት ቧንቧውንና ሽቦውን ነው። በሀብታም አገሮች አውቶማቲክ ቤት ከባለቤቱ ምቾት ተነሥቶ ሲያድግ፣ በአዲስ አበባ ያደገው ከአቅርቦቱ መቆራረጥ ተነሥቶ መሆኑ ኋላ ለመጣው ሁሉ መሠረት ሆኗል።

ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥና በ1986 ዓ.ም. ከተጀመረው የከተማ ቦታ ሊዝ በኋላ ከተማዋ ወደ ምሥራቅ ተዘረጋች። በአንድ የጣሊያን የግንባታ ድርጅት ስም የሚጠራው ሲኤምሲ፣ ከዚያም አያት በማኅበር ቤቶችና በሪል ስቴት መንደሮች ተሞሉ። በ1996 ዓ.ም. በገርጂ የተጀመረው የሙከራ ፕሮጀክት ደግሞ ኮንዶሚኒየምን አስተዋወቀ፤ ከእርሱም በኋላ ሰሚት፣ ቦሌ አያት፣ የካ አባዶና ቦሌ አራብሳ ተከታተሉ፤ የሕዝቡ ብዛት እያደገ ሄዶ በ2013 ዓ.ም. ለሚ ኩራ የሚባል አዲስ ክፍለ ከተማ ከቦሌና ከየካ ተቆርሶ ተቋቋመ። ኮንዶሚኒየም ለዚህ ታሪክ ትልቅ ለውጥ ነው፤ ምክንያቱም ሰርቪስ ቤትም የዘበኛ ቤትም የለውም። ለእንጀራ መጋገሪያና ለበግ ማረጃ የሚሆነው ስፍራ ለብዙ አባወራ በአንድነት የተሠራ የጋራ መገልገያ ሕንፃ ሆነ፤ ጥበቃውም የመላው ግቢ ተቀጣሪ ሆነ። የመቶ ቤተሰቦችን በር የሚጠብቅ ሰው የአንዱን ቤት ልማድ ሊያጠና አይችልም፤ ሊያጠና ቢችልም የሚጠብቀው ጥሩንባ የለም።

የቤት ሠራተኛዋም ብርቅ እየሆነች መጣች። በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ወጣት ሴቶች ለተመሳሳይ ሥራ ወደ ዐረብ አገሮች መጓዛቸው፣ በ2006 ዓ.ም. በዚያው በምሥራቅ አዲስ አበባ ሥራ የጀመረውን የቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ የመሰሉ የልብስ ፋብሪካዎች መከፈታቸውና የልጃገረዶች ትምህርት መስፋፋት ተደማምረው የቤት ሥራን የሚፈልገውን ሰው ከሚያቀርበው እያራቁት ሄዱ። ሠራተኛ ማግኘት ደላላ ዘንድ ወር የሚያስጠብቅ ነገር ሲሆን፣ የመጣችውም ልማዱን ተምራ ሳትጨርስ ወደተሻለ ስትሄድ፣ ቤቱ በየጊዜው የሚረሳ ቤት ሆነ። ስማርት ሆም የሚባለው ዕቃ ወደ ቦሌ ሱቆች የገባው በዚህ ክፍተት ላይ ነው።

ዕቃው የተወለደበት ዓለም ግን ሌላ ነው። በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት መምህር የነበረው ዋረን ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1883 የኤሌክትሪክ ቴርሞስታት፣ ማለትም የክፍልን ሙቀት ለክቶ ማሞቂያውን የሚያዝዝ መሣሪያ፣ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘ፤ ለዚህ ያነሣሣውም የትምህርት ቤቱ ጽዳት ሠራተኛ የክፍሎቹን ሙቀት ለማየት እየገባ ትምህርቱን ያቋርጥ ስለነበር ነው። የስማርት ሆም የዘር ሐረግ እንግዲህ ከአንድ የጽዳት ሠራተኛ ጋር ይገናኛል። እ.ኤ.አ. በ1975 ፒኮ ኤሌክትሮኒክስ የተባለ የስኮትላንድ ኩባንያ ትእዛዝን በቤቱ የኤሌክትሪክ ሽቦ ውስጥ የሚያስተላልፈውን ኤክስ10 አወጣ። ይህም ቢሆን የታዘዘውን የሚፈጽም እንጂ የሚማር አልነበረም።

የሚማር ቤት ለመሥራት ከሞከሩት ቀዳሚዎች አንዱ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲው ማይክል ሞዘር ሲሆን፣ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. እርሱ ራሱ በሚኖርበት፣ ቀድሞ ትምህርት ቤት በነበረ አሮጌ ቤት ውስጥ ሰባ አምስት ያህል ሴንሰሮች ተክሎ ቤቱ መብራቱን፣ የክፍል ሙቀቱንና የሙቅ ውሃውን በራሱ እንዲቆጣጠር አደረገ። የአሠራሩ ፍሬ ነገር ለመረዳት አያስቸግርም። የእንቅስቃሴ ሴንሰሩ ከሰው ገላ የሚወጣውን የማይታይ ሙቀት ሲለይ፣ ኮምፒውተሩ ክፍሉንና ሰዓቱን ይመዘግባል፤ መዝገቡ ለሳምንታት ሲጠራቀም «በዚህ ሰዓት ሰው ከመኝታ ክፍል ከወጣ ቀጥሎ የሚገባው ወጥ ቤት ነው» የሚል የዕድል ስሌት ይወጣል፤ ቤቱም ሰውየው ከመድረሱ ጥቂት ሰከንዶች በፊት የወጥ ቤቱን መብራት ያበራል። የገመተው ስሕተት ከሆነ ሰውየው ማብሪያ ማጥፊያውን ይነካል፤ ይህ ንክኪ ለማሽኑ ቅጣት ነው፤ ሳያስፈልግ የበራው መብራትም የኃይል ብክነት ሆኖ ይቆጠርበታል። ማሽኑ ሁለቱን ወጪዎች፣ ማለትም የነዋሪውን አለመመቸትና የጠፋውን ኃይል፣ ደምሮ ድምሩ የሚያንስበትን መንገድ እየፈለገ ይሄዳል። ይህም ከላይ የቤት ሠራተኛዋ በመሳሳትና በመገሠጽ ትማራለች ከተባለው ጋር አንድ ነው፤ ልዩነቱ ማሽኑ አለመገሠጹን ራሱን እንደ ምስጋና መቁጠሩ ነው። ሞዘር እንደተረከው ከሆነ ትምህርቱ ወደ ሌላም አቅጣጫ ሄዷል፤ ቤቱ በዚህ ሰዓት ይጠብቀኛል የሚል ስሜት እያደረበት ወደ ቤት መመለስ እንደሚገባው ይሰማው ጀመር።

ሐሳቡ ገበያ ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ኔስት በሚባለው የሚማር ቴርሞስታት ሲሆን፣ ጎግል ከሦስት ዓመት በኋላ ኩባንያውን በ3.2 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። እንዲህ ያለ ዋጋ ያገኘው በረዷማ ክረምት ባለባቸው አገሮች ከቤት ኃይል ትልቁን ድርሻ የሚበላው ማሞቂያ ስለሆነና፣ ሰው በሌለበት ሰዓት እሱን ማጥፋት ገንዘብ ስለሚያተርፍ ነው። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ይገኛል፤ ከምድር ወገብም የራቀው ወደ ዘጠኝ ዲግሪ ብቻ ስለሆነ ቤቱ ዓመቱን ሙሉ ማሞቂያም ማቀዝቀዣም ሳያሻው ያድራል፤ ነሐሴ ላይ ጋቢ፣ መጋቢት ላይ የተከፈተ መስኮት ይበቃል። በዚህ ላይ የኤሌክትሪክ ዋጋው ለረጅም ጊዜ እጅግ ርካሽ ነበር፤ ለመጀመሪያዎቹ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት በአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 27.3 ሳንቲም ብቻ የሚያስከፍለው ታሪፍ ከ1998 እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ ሳይነካ ቆይቷል። የሚቆጥበው ነገር በሌለበት ቤት ቆጣቢ ማሽን ሥራ ፈት ነው። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ታሪፉ በየጊዜው እንዲጨምር መደረጉ ይህን ስሌት መለወጥ ጀምሯል፤ ሆኖም ለውጡ የሚታየው በቴርሞስታት ሳይሆን በምጣድ ላይ ይሆናል።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት የሚስብ፣ በአብዛኛው የራሱ የሙቀት መቆጣጠሪያ የሌለው፣ ሙቀቱ የሚለካው በጋጋሪዋ ዐይንና በእንጀራው ዐይን የሆነ መሣሪያ ነው። ከአምፖል፣ ከቴሌቪዥንና ከፍሪጅ ጋር ሲነጻጸር ግዙፍ ስለሆነ፣ ማንኛውም ቆጣሪ የሚያነበውን የኃይል መስመር ያየ ሰው በዚያ ቤት እንጀራ በየትኞቹ ቀናት እንደሚጋገር በቀላሉ ያነባል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአሜሪካው የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ጆርጅ ሃርት የጀመረው ዘዴ ይህንኑ ነው የሚያደርገው፤ በአንድ ቆጣሪ ላይ ከሚታየው መውጣትና መውረድ የትኛው ዕቃ መቼ እንደበራ ይለያል። ለአዲስ አበባ ቤት የሚስማማ የሚማር ማሽን ቢሠራ መጀመሪያ የሚማረው የእንጀራን ቀን መሆን በተገባው ነበር። መብራት ኃይልም በራሱ መንገድ ይህን ያውቃል፤ በየበዓሉ ዋዜማ ትልልቅ ፋብሪካዎች የኃይል ፍጆታቸውን እንዲቀንሱ የሚጠይቀው በሚሊዮን የሚቆጠር ምጣድና ምድጃ በአንድ ሌሊት እንደሚበራ ከልምድ ስለተማረ ነው።

እዚህ ላይ ከውጭ የመጣው ማሽን ትልቁን እንቅፋት ያገኛል፤ እንቅፋቱም የቀን አቆጣጠር ነው። የሰዓቱ ጉዳይ ቀላል ነው፤ ጠዋት 1 ሰዓትን 7፡00 ብሎ መጻፍ የባለቤቱ ትንሽ ድካም ሲሆን፣ ልማድን ከድርጊት ለሚማር ማሽን የሰዓቱ ስም ምንም አይደለም። ሳምንቱ ግን ሌላ ነው። በአብዛኛው የሚማሩት ማሽኖች የሰው ሕይወት በሰባት ቀን ይደጋገማል ብለው፣ የሥራ ቀንና የዕረፍት ቀን ብለው ይነሣሉ። በቦሌ መድኃኔዓለም አጥቢያ የሚኖር ቤተሰብ ግን በሰባት ቀን ብቻ አይኖርም፤ ወሩ በገባ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔዓለም እያለ በ30 ቀን ዑደትም ይኖራል፤ በእነዚያ ቀናት ሌሊት ይነሣል፣ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፣ ዝክር ካለበትም ቤቱ እስከ ማታ በሰው ይሞላል። ረቡዕና ዓርብ፣ እንዲሁም በ55ቱ የሁዳዴ ቀናት፣ የጿሚው ምግብ ሰዓት ወደ ከሰዓት በኋላ ይገፋል። ጎረቤቱ ሙስሊም ከሆነ ደግሞ በረመዳን ወጥ ቤቱ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ይበራል፤ ወሩም በየዓመቱ ዐሥራ አንድ ቀን ያህል ቀድሞ ይመጣል። የሳምንቱን ቀን ብቻ ይዞ የሚያሰላ ማሽን ይህን ሁሉ «ሥርዓት የሌለው ባሕርይ» ብሎ ይመዘግበዋል፤ ዘበኛው ግን የሥርዓቱን ምክንያት ስለሚያውቅ በሩን በጊዜው ይከፍት ነበር።

በተግባር በቦሌና በአካባቢው የተስፋፋው ስማርት ዕቃ ከሁሉ በፊት ካሜራ ነው፤ ቀጥሎ በጣት አሻራ የሚከፈት ቁልፍና በስልክ የሚታዘዝ አምፖል ይመጣሉ። ካሜራው ብዙ ጊዜ የሚያገለግለው በቤቱ የማይኖረውን ባለቤት ነው፤ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ያለ ዳያስፖራ በአያት የሠራውን ቤት በስልኩ ይመለከታል፤ የሚመለከተውም በአብዛኛው ዘበኛውን ነው። የጠባቂው ጠባቂ ማን ነው የሚለው የቆየ ጥያቄ በዚህ መንገድ መልስ ማግኘቱ የዘመኑ ምጸት ነው። እነዚህ ዕቃዎች ትውስታቸውን የሚያስቀምጡት በውጭ አገር በሚገኙ የኮምፒውተር ማዕከላት ስለሆነ፣ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ቤቱ የተማረውን ሁሉ ይረሳል፤ ከሰኔ 23 ቀን 2012 ጀምሮ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲዘጋ በስልክ የሚታዘዘው አምፖል በእጅ የሚነካ አምፖል ሆነ። በድምፅ የሚታዘዙት አሌክሳና ሲሪም አማርኛ አይሰሙም፤ መብራቱን ለማጥፋት በእንግሊዝኛ መናገር የማትችል አያት በልጇ ቤት እንግዳ ሆና ትቀራለች።

የሕጉ ታሪክ ከዕቃው ታሪክ ጋር እኩል አልሄደም። ከሰዎች የግል መረጃ የሚሰበስብ አካል መረጃውን ለምን እንደሚፈልግ እንዲያሳውቅ፣ ባለመረጃውም መረጃውን የማየት፣ የማረምና የማስጠፋት መብት እንዲኖረው የሚደነግገው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቶ አፈጻጸሙ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተሰጥቷል፤ ስለዚህ በሴንሰር ተለክቶ ወደ ኩባንያ የሚላከው የቦሌ ነዋሪ የመኝታና የመነሻ ሰዓት ዛሬ በስሙ የሚጠራ ሕግ አለው። ያንኑ የመኝታና የመነሻ ሰዓት ከስድሳ ዓመት በላይ በልቧ ይዛ የኖረችው የቤት ሠራተኛ ጉዳይ ግን በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ለአሠሪው ኅሊና እንደተተወ ነው፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከወሰኑ ውጭ አድርጎታል።